ከአጥንት ጋር አብሮ የሚያልቅ ብሎን፤ የካልሲየምና የማግኒዥየም ውሁድ ከሰሜን ሸዋ ሲታይ

አክስቴ የምትኖረው መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በነሐሴ ጭቃ ላይ አዳልጧት ወደቀችና ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። የአካባቢው ወጌሻ በእጁ ዳበስ ዳበስ አድርጎ “ይህ ከእኔ በላይ ነው፤ ሐኪም ቤት አድርሷት” ማለቱን እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ፤ ብዙ እግር የሚበላሸው ይህን ቃል የሚናገር ሰው ጠፍቶ ነውና። ደብረ ብርሃን ወርዳ በቀዶ ሕክምና ሁለት ብሎን ገባላት፤ አጥንቱም በደንብ ገጠመ። ችግሩ የመጣው ከዓመት በኋላ ነው። ሥራውን የጨረሰው ብሎን ከቆዳዋ ሥር ጎልቶ ጫማ በነካው ቁጥር ያቆስላት ገባ። ብርዱ ሲበረታ ደግሞ ባናዋን እግሯ ላይ ጠቅልላ “ብረቱ ቀዘቀዘኝ” እያለች ሌሊቱን ታነጋው ጀመር። እንደገና ጉዞ፣ እንደገና ወረፋ፣ እንደገና ማደንዘዣ። ለማስታመም አንድ ሰው ከእርሻው ተነጠለ፤ ለመጓጓዣና ለመድኃኒት በጎች ተሸጡ።

ይህ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና በአገራችን ስም ወጥቶለታል፤ “ብረት ማስወጣት” ይባላል። በጣርማ በር ቁልቁለት መኪና የተገለበጠበት፣ ከሕንፃ መወጣጫ የወደቀ፣ በጥይት የተመታ ሰው መጀመሪያ ብረት ያስገባል፤ ከፊሉም ቆይቶ ያስወጣል። ሁሉም ማስወጣት ግድ አይሆንበትም፤ ብዙ ሰው ብረቱን ይዞ ዕድሜ ልኩን ይኖራል። ግድ ለሚሆንበት የገጠር ሰው ግን ሁለተኛው ጉዞ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ በመጀመሪያው ጊዜ ዘመድ አዝማድ ደንግጦ ይረዳል፣ በሁለተኛው ግን ሰው ሁሉ “ድነሻል” ብሎ ወደ ሥራው ተመልሷል።

ለዚህ ሳይንስ ያቀረበው መልስ ሲሰሙት ቀላል ነው፤ አጥንቱ እስኪገጥም ጠብቆ የሚይዝ፣ ከዚያ በኋላ በሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ ሟሙቶ የሚያልቅ ብሎን መሥራት። ዋና አካሉ ማግኒዥየም ነው፤ በአንድ ወገን የሄደው ምርምር ጥቂት ካልሲየም ይጨምርበታል። የነገሩ ቁልፍ ያለው ግን ሁለቱ ሲገናኙ በመካከላቸው በሚፈጠረው ሦስተኛ ነገር ላይ ነው። በሰሜን ሸዋ ስለ ድንጋያችንና ስለ ፋብሪካ ብዙ ይወራል። ስለዚህ ሦስተኛ ነገር ግን ሲነሣ አልሰማሁም፤ እኔ ደግሞ ከድንጋዩ ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ካልሲየም ሲባል ወተትና ኖራ ትዝ ይለናል፤ ማግኒዥየም ሲባል የጨጓራ መድኃኒት። ሁለቱም ንጹሕ ሲሆኑ ግን ብርማ መልክ ያላቸው ብረታ ብረቶች ናቸው። እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ ሁለቱንም በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1808፣ በኤሌክትሪክ ኃይል ለይቶ አወጣቸው። ክብደታቸው ያስገርማል፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ኩብ ብረት ወደ 7.9 ግራም ሲመዝን ማግኒዥየም 1.74፣ ካልሲየም 1.55 ግራም ብቻ ነው።

ሁለት ብረታ ብረቶች ቀልጠው ሲቀላቀሉ ከሁለት ነገር አንዱ ይሆናሉ። ወርቅ አንጥረኛ ወርቁ ላይ መዳብ ሲጨምር መዳቡ እንደ ስኳር በሻይ ውስጥ ይሠራጫል፤ ቢበዛም ቢያንስም ቅይጥ ነው። ሌላው መንገድ ግን እንደ ውል ያለ ነው፤ ድርሻው ቁርጥ ነው፣ ከዚያ ውልፍት የለም። ካልሲየምና ማግኒዥየም ሲገናኙ የሚፈጥሩት ውሁድ አንድ ብቻ ነው፤ ለአንድ የካልሲየም አቶም ሁለት የማግኒዥየም አቶም። አባቶቻችን መሬት ሲያርሱ የሚያውቁትን የሲሶ ውል ይመስላል፤ ሲሶው የካልሲየም፣ ሁለት እጁ የማግኒዥየም። የካልሲየም አቶም ስለሚከብድ በሚዛን ሲታይ ድርሻው ወደ 45 በመቶ ይደርሳል እንጂ በቁጥር ሲሶ ነው።

ድርሻው ለምን እንዲህ ሆነ? መንዝ የድንጋይ ቤት አገር ስለሆነ መልሱን ከግድግዳው ላይ ማንበብ ይቻላል። ካብ የሚክብ ሰው ትልልቁን ድንጋይ ብቻ ቢደረድር ክፍተት ይተርፈዋል። ትልቁና ትንሹ በልክ ሲመጣጠኑለት ግን ያለ ጭቃም የሚቆም ካብ ያወጣል። የካልሲየም አቶም የማግኒዥየምን 1.23 እጥፍ ያህል ይሰፋል። ሁለት መጠን ያላቸውን ኳሶች በአንድ ለሁለት ድርሻ ጥቅጥቅ አድርጎ ለመደርደር ጂኦሜትሪ የሚፈልገው ምጣኔ ደግሞ 1.225 ነው። ይህን ያህል መቀራረብ ሳየው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። በዚህ ዓይነት አደራደር የቆሙ ውሁዶች ብዙ ናቸው፤ በጀርመናዊው የክሪስታል ተመራማሪ በፍሪትስ ላቬስ ስም የላቬስ ውሁዶች ይባላሉ።

ጥብቅነቱ ግን ዋጋ አለው። ብረት ሲመታ ሳይሰበር የሚታጠፈው የአቶሞቹ ንብርብሮች እርስ በርስ ስለሚንሸራተቱ ነው። በዚህ ውሁድ ውስጥ ለመንሸራተት የሚበቃ ክፍተት ስለሌለ በቤት ሙቀት ሲመታ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ለስላሳ የሆኑት ሁለት ብረታ ብረቶች ተዋሕደው ተሰባሪ ልጅ ወለዱ ማለት ነው። የሚቀልጥበት ሙቀትም የራሱ ነው፤ ማግኒዥየም በ650፣ ካልሲየም በ842 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጡ ውሁዱ ወደ 715 ላይ ይቀልጣል። ከማግኒዥየም ጋር ተጎራብቶ ሲገኝ ደግሞ ድብልቁ ከሁሉም በታች፣ በ517 ዲግሪ አካባቢ መቅለጥ ይጀምራል።

ለብሎኑ ሠሪ ወሳኙ ቁጥር እዚያው 517 ላይ ነው። ጠጣር ማግኒዥየም በዚያ ሙቀት በውስጡ አሟሙቶ መያዝ የሚችለው ካልሲየም ከክብደቱ 1.3 በመቶ ያህል ነው፤ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ይህም ወደ ኢምንት ይወርዳል። የተረፈው ካልሲየም ውሁድ ሆኖ በማግኒዥየሙ ቅንጣቶች ድንበር ላይ ይሰፍራል፤ በማሳና በማሳ መካከል እንደሚተው ወሰን። ወሰኑ ቀጭንና የተቆራረጠ ከሆነ ብረቱን ያጠነክረዋል። ካልሲየሙ በዝቶ ወሰኑ ከዳር እስከ ዳር ሲያያዝ ግን ስንጥቅ የሚሮጥበት መንገድ ይሆናል። በዚህ ምክንያት በሁለቱ ብቻ የሚሠሩ የሕክምና ቅይጦች ካልሲየማቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 በመቶ ብዙ አይርቅም።

አሁን ወደ መሟሟቱ ልምጣ። ይህን ለመረዳት የቤታችንን ቆርቆሮ መመልከት ይበቃል። ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ዝናቡ ሲመታው ዚንኩ ቀድሞ ይበላል፣ በመበላቱም ብረቱን ያድናል፤ ዝገት ማየት የምንጀምረው ዚንኩ ሲያልቅ ነው። ሁለት ብረታ ብረቶች ተነካክተው እርጥበት ውስጥ ሲሆኑ ምንጊዜም አንደኛው ለሌላው ይሠዋል። በማግኒዥየም ውስጥ የሚገኙ አብዛኞቹ ውሁዶች፣ ለምሳሌ ከአሉሚኒየም ጋር የሚፈጠረው፣ ማግኒዥየሙን ያሠዉታል። የካልሲየሙ ውሁድ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ከማግኒዥየሙ ቀድሞ የሚበላው ራሱ ነው። በኢንጂነሩ ዓይን ጉድለት ነው፤ መኪና ለሚሠራ ሰው ቀድሞ የሚበላ ነገር ማን ይፈልጋል? አጥንት ለሚጠግን ሰው ግን የብሎኑ የማለቂያ ፍጥነት የሚቃኝበት ክር ይህ ነው። መጠኑን፣ ቅንጣቱን፣ አሰፋፈሩን የተቆጣጠረ ሰው ብሎኑ መቼ እንደሚያልቅ መወሰን ይጀምራል።

ይህን ሳያውቁ የገቡበት ሰዎች ከባድ ዋጋ ከፍለዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ኤድዋርድ ሂውዝ እ.ኤ.አ. በ1878 የሚደማ የደም ሥር በማግኒዥየም ሽቦ አስሮ ነበር። ቤልጂየማዊው ቀዶ ሐኪም አልባን ላምቦት ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የተሰበረ እግር በማግኒዥየም ሰሌዳ አጋጥሞ በብረት ምስማር መታው። ሰሌዳው በስምንት ቀን ውስጥ ተበላ፤ ከቆዳው ሥርም ጋዝ ተጠራቀመ። ምስማሩ ብረት ስለነበር ማግኒዥየሙ የቆርቆሮው ዚንክ ዕጣ ደረሰበት። ጋዙ ሃይድሮጅን ነው፤ ማግኒዥየም ከውሃ ጋር ሲገናኝ ይወጣል፣ ከአንድ ግራም ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ። ቀስ ብሎ ከወጣ ሰውነት ያስወግደዋል፤ ከፈጠነ ቁስሉን ያሳብጣል። ስለዚህ ፍጥነቱን መግዛት የሕክምናው ሁሉ መሠረት ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ለአሥርት ዓመታት ተረስቶ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቻይናውያን ተመራማሪዎች 1 በመቶ ካልሲየም ያለበትን ማግኒዥየም በጥንቸል ጭን አጥንት ውስጥ ቀበሩት፤ በ90 ቀን ውስጥ ተበልቶ ሲያልቅ በዙሪያው አዲስ አጥንት በቅሎ ታየ። ትልቅ ዜና ነበር፤ ነገር ግን የሰው ስብራት ብዙውን ጊዜ ከዚያ የረዘመ ድጋፍ ይፈልጋል። መልሱን ያመጡት ኮሪያውያን ናቸው፤ ካልሲየሙን ለመቀነስ ፈንታ ወደ 5 በመቶ አሳድገው 1 በመቶ ዚንክ ጨመሩበት። ዚንኩ በውሁዱና በማግኒዥየሙ መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ ልዩነት አጠበበው፤ አንዱ ቀድሞ ከመበላት ይልቅ ሁለቱ እኩል በእኩል ማለቅ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት የ53 ታካሚዎች ክትትል የእጅ አንጓ ስብራት የያዘው ብሎን በአንድ ዓመት ውስጥ ሙሉ በሙሉ አልቆ በቦታው አጥንት ተተክቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2013 ካልሲየም የሌለበት ሌላ የማግኒዥየም ብሎን በጀርመን ተሠርቶ የአውሮፓን ፈቃድ አግኝቷል።

አክስቴ ይህን ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ “ታዲያ የቀለጠው የት ይገባል?” ብላ ነው። ደኅና ሐኪምም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ወደ አንድ ኪሎ ግራም ካልሲየምና ወደ 25 ግራም ማግኒዥየም አለ። ካልሲየሙ ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ ማግኒዥየሙ ከግማሽ በላዩ ያለው በአጥንት ውስጥ ነው። ከብሎኑ የሚወጣው የዚያው ወገን ነው፤ ትርፉን ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል። ኩላሊቱ ለታመመ ሰው ጥያቄው እንደገና መነሣት አለበት፤ ይህን ማለፍ ትክክል አይሆንም።

ሌላም በጎ ነገር አለ። ለሕክምና የሚውለው አይዝጌ ብረት ከአጥንት ብዙ እጥፍ ይገትራል፤ ሸክሙን ሁሉ ስለሚወስድበት በሥሩ ያለው አጥንት ሥራ እየፈታ ይሳሳል። የማግኒዥየም ግትርነት ለአጥንት ይቀርባል። ይህ ሲባል ግን የማግኒዥየም ብሎን የጭን አጥንትን ወይም ሙሉ ሰውነት የሚሸከም ስብራትን ይይዛል ማለት አይደለም። ቦታው እስከ አሁን የእጅ አንጓ፣ የእግር ጣት፣ እንደ አክስቴ ያለ የቁርጭምጭሚት ስብራት ነው። በመኪና አደጋ ጭኑ ለተሰበረ ወጣት ተስፋ አድርጎ መስጠት ጭካኔ ነው።

ውሁዱ ከሕክምና ውጭም ይፈለጋል። ማግኒዥየም ሲቀልጥ በቀላሉ በእሳት ይያያዛል፤ ካልሲየም ሲጨመርበት ላዩ ላይ ጥብቅ ኦክሳይድ ስለሚሠራ የሚያያዝበት ሙቀት ይጨምራል። ሃይድሮጅን አምቆ ለመያዝም ይጠናል። በዚህ ላይ አልቆይም።

ብዙ ሰው ስለ ማግኒዥየም ሲሰማ ቀድሞ የሚያነሣው “ድንጋዩ እኮ አለን” የሚለውን ነው። እውነት ነው፣ አለን። በእንሳሮ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2024 የተመረቀው የለሚ ብሔራዊ ሲሚንቶ ፋብሪካ በቀን 15,000 ቶን እንዲያመርት የተተከለው የኖራ ድንጋዩን አይቶ ነው። የኖራ ድንጋይ የካልሲየም ነው፤ ማግኒዥየሙ የሚገኘው ሁለቱ ተጋርተው በሚኖሩበት ዶሎማይት በሚባለው ድንጋይ ውስጥ ነው። ሲሚንቶ ሠሪ ደግሞ ዶሎማይትን ይሸሻል። የማግኒዥየም ኦክሳይድ በሲሚንቶ ውስጥ ሲበዛ ግድግዳው ከደረቀ ከዓመታት በኋላ እያበጠ ይሰነጥቀዋል፤ የአውሮፓ ደረጃ በክሊንከር፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ በሚሆነው የተቃጠለ ድንጋይ ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ አይፈቅድም። አንዱ ፋብሪካ የሚሸሸው ለሌላው ጥሬ ዕቃ ነው።

ዶሎማይቱ የት አለ? በሰሜን ሸዋ ኦሮሚያ ክፍል፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ የተቀመጠችው ጎሐ ጽዮን ስሟን ለአንድ የድንጋይ ንብርብር ሰጥታለች። የጎሐ ጽዮን ንብርብር በጁራሲክ ዘመን ጥልቀት በሌለው ባሕር የተጠራቀመ ሲሆን ዶሎማይት፣ ጂፕሰምና የጭቃ ድንጋይ እየተፈራረቁ የተነባበሩበት ነው። ጂፕሰም ማለት ጀሶ ነው፤ የተሰበረ እግር የሚታሰርበት ያው ጀሶ። ከአንድ ገደል ላይ የድሮው የስብራት መድኃኒትና የአዲሱ ብሎን ጥሬ ዕቃ አንዱ በሌላው ላይ ተኝተው ማየት ልብ ይነካል። መፈራረቁ ግን ለቆፋሪ ችግር ነው፤ ንጹሕ ዶሎማይት ለመለየት እያንዳንዱን ንብርብር መርምሮ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከዶሎማይት ማግኒዥየም የሚወጣበት የታወቀው መንገድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ካናዳዊው ሎይድ ፒጀን ያዳበረው ነው። ድንጋዩ ይቃጠላል፣ ከፌሮሲሊኮን፣ ማለትም ከብረትና ከሲሊኮን ቅይጥ ጋር ተደባልቆ አየር በተመጠጠበት ቱቦ ውስጥ ወደ 1,200 ዲግሪ ይሞቃል፤ ማግኒዥየሙ ተንኖ በቱቦው ቀዝቃዛ ጫፍ ላይ ይሰበሰባል። ዛሬ ከዓለም ማግኒዥየም ከአምስት እጅ አራቱን እጅ በላይ የምታወጣው ቻይና በዋናነት የምትጠቀመው ይህንኑ ነው። ስሌቱን ለሚወድ ሰው እንዲህ ነው፤ ምንም ሳይባክን ቢሠራ እንኳ ለአንድ ቶን ማግኒዥየም 7.6 ቶን ዶሎማይት ያስፈልጋል፣ ከድንጋዩ ብቻ 3.6 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ የማሞቂያው ጭስ ሳይቆጠር። የሚቀረው ዝቃጭ የካልሲየም ሲሊኬት ስለሆነ ለሲሚንቶ ይሆናል፤ ሲሚንቶ ፋብሪካ ጎረቤት ላለው አገር ይህ ጥሩ ነገር ነው።

ቢሆንም ለብሎኑ ስንል ማቅለጫ እንትከል የሚለውን ሐሳብ አልደግፍም። አንድ የቁርጭምጭሚት ብሎን ቢመዘን ግማሽ ግራም አይሞላም። አንድ ኪሎ ግራም ቅይጥ፣ ሲሞረድ የሚባክነውን ሳይጨምር፣ ከሁለት ሺህ በላይ ብሎን ይወጣዋል። ይህን ያህል ማግኒዥየም በሻንጣ ይገባል። ማቅለጫው ሌላ ጥያቄ ነው፤ በኤሌክትሪክ ዋጋ፣ በገበያና በጭስ ይመዘን። የሁለቱን ጥያቄዎች መደባለቅ የሚያስከትለው ጉዳት ግልጽ ነው፤ ለቢሊዮን ብር ፋብሪካ ስንጠብቅ በጥቂት ኪሎ ግራም ልንጀምረው የምንችለው ዕውቀት ይዘገያል። ዕውቀቱ ያለው በድርሻው፣ በቅንጣቱና በድንበሩ ላይ ነው፤ እሱን የጎሐ ጽዮን ገደል አይሰጠንም።

ሥራው ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ሊጀመር ይችላል። ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ የተሰበረውም ሰው የሚመጣው ወደ እሷ ነው። የሚያስፈልገው በአርጎን ጋዝ የተጠበቀ ትንሽ እቶን፣ ንጹሕ ማግኒዥየምና ብርቱ ጥንቃቄ ነው። ማግኒዥየሙ ቢያያዝ ውሃ መድፋት እሳቱን ያባብሰዋል፤ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ይሁን። ሁለተኛው ንጽሕና ነው። በ100 ግራም ማግኒዥየም ውስጥ ከ17 ሚሊግራም ያለፈ ብረት ከተገኘ ፍጥነቱ ከቁጥጥር ይወጣል፤ የላምቦት ምስማር በዱቄት መልክ ውስጡ ገባ ማለት ነው።

የመሟሟቱን ፍጥነት ለመለካት ግን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የቅይጡ ቁራጭ የሰውነትን ፈሳሽ በሚመስል ጨዋማ ውሃ ውስጥ በ37 ዲግሪ ይቀመጣል። ከላዩ ማንቆርቆሪያ (ፈነል) ይደፋበታል፣ በማንቆርቆሪያው አንገት ላይ ውሃ የሞላ ባለ ምልክት ቱቦ ተገልብጦ ይቆማል። የሚወጣው ሃይድሮጅን ሽቅብ እየሄደ ውሃውን ያወርደዋል፤ ተማሪው የወረደውን ያነባል። በባሕር ጠለል ላይ ባሉ ከተሞች አንድ ሚሊሊትር ጋዝ ከአንድ ሚሊግራም የተበላ ማግኒዥየም ጋር ይመጣጠናል። ደብረ ብርሃን ግን ከ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ሳስቷል፤ ያው አንድ ሚሊግራም እዚህ ወደ 1.4 ሚሊሊትር ጋዝ ይሰጣል። ከውጭ የመጣውን ሠንጠረዥ እንዳለ የገለበጠ ሰው ብሎኑ ከእውነቱ በላይ የፈጠነ ይመስለዋል። ስለዚህ ቱቦው አጠገብ የአየር ግፊት መለኪያ ይቀመጥ፣ ሁለቱም በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይነበቡ፤ ለሦስት ወር፣ ቅዳሜና እሑድን፣ የፋሲካንም ዕለት ጨምሮ።